ያልነካሁት መስመር

እህቴ ዓረብ አገር ስትሄድ ሁለት ነገር ትታልኝ ነው የሄደችው፦ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ የስልክ መስመር። ልብሱን ልጆቼ ለብሰው ጨረሱት። መስመሩን ግን አልነካሁትም። በሕይወቴ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ያስፈራኝም አለመንካቴ ነው።

እህቴ የምላት ታናሼ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። መስመሩን በራሷ መታወቂያ፣ በራሷ ስም ያወጣችው ገና ተማሪ ሳለች ነው። ልትሄድ ስትል ሲሙን ከአንድ አሮጌ ቀፎ ጋር እጄ ላይ አስቀምጣ፣ "እታለም፣ ይቺ አማና ናት። እኔ ሌላ ቁጥር በቃሌ መያዝ አልችልም። የትም ብሆን በዚች ነው የምፈልግሽ" አለችኝ።

አማና ካለች አለቀ። አማና የተባለ ነገር እኛ ቤት አይነካም። እናታችን ሰው ያስቀመጠባትን ጤፍ አይጥ ቢቦረቡርባት፣ ከራሷ ጎታ ዘግና የሞላች ሴት ናት። የሰው ወርቅ ቤትሽ ቢያድር ለሠርግ አታደርጊውም፤ የሰው በቅሎ ቢታሰርብሽ ሳር ትሰጪያታለሽ እንጂ ገበያ አትሄጂባትም። እኔም ያንን ስልክ እንደዚያች በቅሎ ያዝኩት። የራሴ ስልክ ከመንገድ ዳር ዓሣ ስጠብስ ስለምይዘው ዘይት ጠግቦ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የእሷን ግን በንጹሕ ሻሽ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አኖርኩት። ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ ሲጠራ አነሳዋለሁ፤ በቃ። አንድ ቀን ደውዬበት አላውቅም። ካርድም ሞልቼበት አላውቅም። ጎረቤቴ "ለአንዲት ደቂቃ ብቻ" ብላ ስትለምነኝ እንኳ ከልክያት ለሳምንት አኩርፋኛለች።

ደግሞ አንዳንዴ ያቺ የፖስታ ምልክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ትል ነበር። መልእክት ገባ ማለት ነው። ማንበብ አያቅተኝም፤ ፊደልን ከልጆቼ ደብተር ላይ አብሬያቸው ቆጥሬ ለራሴ የተማርኩ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዓሣ የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ሳይቀር ሳላነብ አልጥልም። ግን መስመሩ የእሷ ነው፤ መልእክቱም የእሷ ነው። የሰው ደብዳቤ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ ይከፈታል እንዴ? አልከፈትኩትም።

እሷ በወር አንዴ፣ ሲዘገይ በሁለት ወር አንዴ ትደውላለች። ማዳሟ ገና በገባች ቀን ስልኳን ስለቀማቻት፣ የምትደውለው ሴትዮዋ ስትወጣ ጠብቃ በቤቱ ስልክ ነው። መልሼ እንዳልደውል አስጠንቅቃኛለች፤ ሴትዮዋ ከሰማች መዘዝ አለው።

ከአረፋ በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

"እታለም፣ ቶሎ ስሚኝ። ማዳሟ ለዘመዷ ልትሰጠኝ ነው።"

"እንዴት ልትሰጥሽ? ዕቃ ነሽ እንዴ?"

"ቶሎ ስሚኝ አልኩሽ! ሌላ ከተማ ነው። የት እንደሆነ ገና አልነገሩኝም። እንደሰማሁ ከመሄዴ በፊት እደውልልሻለሁ። ቦታውንና የሴትዮዋን ስልክ ያዥልኝ። ቢያንስ አንድ ሰው የት እንዳለሁ ይወቅ።"

ሳልመርቃት ተዘጋ።

በእኛ ሰፈር እንደዚሁ ከቤት ወደ ቤት የተላለፈች ልጅ ነበረች። ሦስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ የት እንደገባች የሚያውቅ ጠፋ። እናቷ እስከ ዛሬ ከዚያ የተመለሰ ሰው በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ሳታስተካክል እየሮጠች ሄዳ ትጠይቃለች። እኔ ደግሞ ለያቺ ሴት በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ እሸጥላታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ስልኩን ከቁም ሳጥን አውጥቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ከመጥበሻው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ሳምንት ሆነ። ጥሪውን ብቻ ስጠብቅ ስክሪኑን ለቀናት አላየሁትም፤ ሁለተኛው ሲጋመስ፣ አንድ ጠዋት ላስቲኩን ፈትቼ ሳየው እነዚያ የኔትወርክ ዘንጎች የሉም።

መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ያ የጦርነቱ ጊዜ ነው። ያኔም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ መጀመሪያ ስልኩ ዝም አለ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር። "ኔትወርክ ጠፋ እንዴ?" ብዬ ጮኼ ጎረቤቴን ስጠይቃት፣ እሷ በስልኳ እየሳቀች ከባሏ ጋር እያወራች ነው። የራሴን አየሁ፤ ይሠራል። የዚያን ባትሪ አውጥቼ ጠረግኩ፤ ሲሙን በቀሚሴ ጫፍ አሸሁ። ምንም። የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ደህና፣ የእህቴ ብቻ ሞቷል። ከጦርነቱ የባሰ ፍርሃት ያኔ መጣብኝ፤ ጦርነትን እንኳ ከሰው ጋር ነው የሚፈሩት።

ዓሣውን ከድኜ ወደ ስልክ አገልግሎት መስጫው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወጣት ናት፤ ቁጥሩን ጻፈች፣ ኮምፒውተሩን አየች።

"መስመሩ ተዘግቷል እናቴ። ለብዙ ወራት አልደወላችሁበትም፤ ካርድም አልሞላችሁበትም።"

"ይደወልበታል እኮ! በየወሩ እህቴ ትደውልበታለች፤ እኔ አነሳለሁ።"

"መቀበል አይቆጠርም።"

"ማን ዘንድ ነው የማይቆጠረው?"

"ሲስተሙ ዘንድ።"

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው፣ "ስልኩን ለጌጥ ነው እንዴ የያዝሽው? ካርድ መሙላት እኮ በሽታ አያሲዝም!" አለ። ሰልፈኛው ሳቀ። ሳቃቸው ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ።

ልጅቷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ደንቡ ደረጃ ደረጃ አለው። መስመር ሳይደወልበት ሲቆይ መጀመሪያ መደወል ይከለከላል፤ እንዲያም ሆኖ ከቆየ መቀበልም ይከለከላል፤ በመጨረሻ ቁጥሩ ይወሰድና ለሌላ ሰው ይሸጣል። ቁጥር ያልቃል፤ አዲስ ሰው ደግሞ በየቀኑ ይመጣል። "ከመዝጋታችን በፊት በመልእክት እናሳውቃለን" አለች። "አልደረሳችሁም?"

እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የእህቴን ፖስታ ከፈትኩ። ተደርድረዋል። የመጀመሪያው "ውድ ደንበኛችን" ይልና በትሕትና ይለምናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይደውሉበት ይላል። አንድ ጊዜ! ቀጥሎ ያለው ጠንከር ይላል። የመጨረሻው "ውድ" የምትለውን እንኳ ትቷታል። ሁሉንም አነበብኩ። ለአማና ብዬ ያደረግኩት ሁሉ፣ ለሲስተሙ ባለቤቱ እንደሞተ ቤት ሆኖ ነው የታየው፤ በሩ አይከፈት፣ ጭስ አይወጣበት።

"እሺ አሁን ክፈቱልኝ። የፈለጋችሁትን ያህል ልደውልበት።"

"በስምዎ አይደለም። ባለቤቷ መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ።"

"ባለቤቷ ናት እኮ የምትደውልበት! ያለችው ዓረብ አገር ነው!"

"እንግዲያው ውክልና ትላክ።"

"ውክልና ላኪ የምላት በምን ልጄ? በዚሁ ስልክ አይደለም እንዴ?"

እንደገና ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገች፤ ከዚያ ፊቷ ልውጥ አለ። "እናቴ" አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ፣ "ቁጥሩ ተሸጧል።"

"ለማን?"

"መናገር አልችልም። የደንበኛ ምስጢር ነው።"

እዚያው የመስኮቱን ብረት ይዤ ቀረሁ። ያ ሲቀልድብኝ የነበረው ሰው መጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና፣ "አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ። በራስሽ ስልክ ለምን አትደውዪበትም? ማን እንደገዛው እሱ ይነግርሻል" አለኝ። ይህ በጭንቅላቴ አልመጣም ነበር። የእህቴን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ደወልኩ።

"ሃሎ?" የሽማግሌ ድምፅ ነው።

"አባባ፣ እንዴት ዋሉ? ይሄ ቁጥር የእህቴ ነበረ..."

"ሎተሪ ወጥቶልሃል ልትዪኝ ነዋ?" ዘጋው።

እንደገና ደወልኩ። "አሁን ደግሞ ከባንክ ነው የምደውለው በይ!" አለና ዘጋው። ሦስተኛው ላይ ቃል ሳይወጣኝ አለቀስኩ። ሽማግሌው ለሌላ ሰው፣ "ታለቅሳለች እኮ ይቺ" ሲል ሰማሁት። አንዲት ሴት፣ "አምጣው ወዲህ፣ አንተ ሰው" ብላ ነጠቀችው። ሚስቱ ናት።

"ማነሽ አንቺ? የት ነሽ?"

እንደምንም ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰችና፣ "እኛ አምባሰል ነን፤ ከውጫሌ በላይ። ስልክ ላይ ሁሉም ሰው ያለቅሳል። እውነተኛ ከሆንሽ ነዪና ፊትሽን አሳዪን" አለችኝ።

በማግሥቱ በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ሰው ወሬ ያወራል፤ እኔ ግን በየመታጠፊያው አሁን ደውላ ይሆን እላለሁ። አሁን እየጠራ ይሆን? አሁን "ሎተሪ ነው" ብሎ ዘግቶባት ይሆን? ውጫሌ ላይ ወርጄ፣ ሰው እየጠየቅሁ፣ ተራራው ሥር ያለውን ዳገት ወጣሁት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሮጬ ዳገት የወጣሁት ልጄ ታማብኝ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ የንብ ቀፎ ይለቀልቃል። ስልኩ በክር ተንጠልጥሎ አንገቱ ላይ ነው፤ የእህቴ ቁጥር በሰው ደረት ላይ ሲወዛወዝ አየሁት። ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ሌባ እንዲህ አያልበውም፤ ግቢ" አለች።

ውሃ ሰጥተውኝ ሳልጠጣ፣ "ከውጭ የመጣ ጥሪ ነበር?" አልኩ።

ባልና ሚስት ተያዩ።

"መጥቷል" አለ ሽማግሌው። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። "ከሦስት ቀን በፊት ነው። ልጆቼ ከውጭ የመጣ ቁጥር እንዳታነሳ፣ ብርህን ይበላል ብለውኛል፤ ግን አነሳሁት። ሴት ልጅ ናት። 'እታለም' አለች። 'ተሳስተሻል' ብዬ ዘጋሁት።"

"ሌላስ አልተናገረችም? የአገር ስም? ቁጥር?"

"ግሸን ማርያምን! ይህችን ብቻ ነው ያለችው። እንደገና ጠርቶ ነበር፤ ፈርቼ አላነሳሁትም።"

ቦታውን ለመናገር የደወለችው ያኔ ከሆነ አለቀ ማለት ነው። ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዛ ባሏን ትቆጣለች፤ እሱ "ምን ላድርግ፣ ሰው መሆኗን በምን ልወቅ" ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ብሆንም እዘጋው ነበር።

ሲሙን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። አልሆነም። ልጁ ከአዲስ አበባ ብር የሚልክለት በዚያ ቁጥር ነው። ደግሞ ሲሸጡለት፣ በስምህ ባለ መስመር ጥፋት ቢሠራ ተጠያቂው አንተ ነህ ብለው አስፈርመውታል። "ልጄ፣ አንቺን አምኛለሁ፤ ፊርማዬን ግን እፈራዋለሁ" አለኝ። ሁላችንም እዚያች ጎጆ ውስጥ ፈሪዎች ነበርን።

"ከደወለችስ?" አልኩ። "ምናልባት ደግማ ብትደውል?"

"አነሳለሁ። ያንቺን ቁጥር እነግራታለሁ።"

"የወንድ ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ ትዘጋዋለች።"

"እንግዲያ የማትዘጋብኝን ቃል ስጪኝ።"

አሰብኩ። እህቴ ሕፃን ሳለች እኔ ዓሣ ሳጥብ አጠገቤ ትቀመጥና ጭንቅላቱን ስታይ፣ "ዓሣው አየኝ! ዓሣው አየኝ!" እያለች ቀሚሴ ውስጥ ትደበቅ ነበር። ይህን ከእኔና ከእሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ነገርኩት።

"ምን? በስተርጅና ዓሣው አየኝ ልበል?"

ሚስቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "በል እንጂ! ስትዘፍን አላፈርክ፣ አሁን ልታፍር ነው?" አለችው። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው፣ "ዓሣው... አየኝ" አለ። "ቶሎ ቶሎ በለው፣ ሕፃን ናት ያለችው!" አለች ሚስቱ። ደጋግሞ አለው። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

ቁጥሬን ደግሞ መያዝ ነበረበት። ማንበብ አይችልም፤ ወረቀት ብሰጠውም ማሳ ላይ ማን ያነብለታል? "እኔ የምቆጥረው በጥማድ ነው" አለ፤ "በሬም ሁለት ሁለት ነው።" ስለዚህ አሥሩን አሃዝ በአምስት ጥማድ ከፈልነው። የመጀመሪያው ጥማድ፣ ሁለተኛው ጥማድ... እያለ ግቢውን እየዞረ አጠናው። ስሄድ ከኋላዬ ጮክ ብሎ አምስቱንም ጠራቸው። አንድም አልሳተም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እነሱ ካሉበት ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ኔትወርክ የለም፤ ይህ ሌላ ስጋት ነው። በየጠዋቱ እደውልለታለሁ።

"አባባ፣ ኔትወርክ አለ?"

"አለ፤ ላንቺ ብዬ እንደ ሙሽራ ጉብታ ላይ ተሰይሜልሻለሁ። ሚስቴ ሥራ ፈታህ ትለኛለች።"

ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ፍርሃቱ ካቆመበት ይጀምራል። ምግብ አልወርድ አለኝ። በሶላት ላይ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደሆንኩ ይጠፋኛል። ያቺ ልጇ የጠፋባት ሴት ዓሣ ልትገዛ መጥታ፣ "ምነው ከሳሽ?" ስትለኝ፣ "ጉንፋን ነው" አልኳት። እንደ እሷ ልሆን ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

በአምስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ሽማግሌው ራሱ ደወለ። ያለከልካል።

"መጣች! ልጅቱ መጣች! ዓሣው አየኝ ስላት ታለቅስ ጀመር። አታልቅሺ፣ ጥማዶቹን ያዢ አልኳት። አንዱን ስል አንዱን ትደግማለች። አራተኛው ላይ ስንደርስ..."

"አራተኛው ላይ ምን?"

"አምስተኛውን ተናግሬያለሁ። እሷ ግን ስትደግመው አልሰማሁም፤ መስመሩ ተቋረጠ። ሰምታ ይሁን ሳትሰማ እንጃ ልጄ።"

የቀረችው ሁለት አሃዝ ናት። ስምንቱ ከእሷ ጋር ነው፤ ሁለቱ አምባሰል ተራራ ላይ ቀርቷል። የራሴን ስልክ ሁለት እጄ ውስጥ ይዤ፣ ድንገት ባትሪው ቢያልቅ፣ ድንገት እንደዚያኛው ቢዘጋብኝ እያልኩ፣ ሂሳቡ እንዳያንስ ካርድ ላይ ካርድ ሞላሁበት። ለመቀበል ሂሳብ እንደማያስፈልግ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር እርግጠኛ አልነበርኩም።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ዓሣ ይጠብቃል፤ እኔ እጄ እስከ አንጓዬ ዱቄት ነው። ስልኬ ጠራ። ረጅም ቁጥር።

"ሃሎ!"

"እታለም! አንቺ ነሽ? ወላሂ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ! እንዴት አገኘሽኝ?"

"የመጨረሻዎቹን ሁለት አልሰማኋቸውም። ከዜሮ ዜሮ ጀምሬ እየቀያየርኩ ነው። አሥራ ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። አንዱ ሊያገባኝ ጠይቆኛል!" ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። "ማዳሟ እየመጣች ነው፤ ሻንጣዬ በር ላይ ነው። ያዥ፣ ያዥ!"

የከተማውን ስም ነገረችኝ፤ ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት። የሰፈሩን ስም ነገረችኝ። ከዚያ የአዲሷን ሴትዮ ስልክ መቁጠር ጀመረች። "ብዕር! ብዕር ያለው!" ብዬ ጮህኩ። ዓሣ ጠባቂው ሁሉ ኪሱን ይዳስሳል፤ ማንም የለውም። እሷ አታቆምም፤ ማቆም አትችልም። ዓሣ የማገላብጥበትን የዱቄት ትሪ ሳብኩና በጣቴ ጻፍኩበት። አንድ አሃዝ፣ ሌላ አሃዝ፣ እስከ መጨረሻው። "ደግሚልኝ" አለችኝ፤ ከዱቄቱ ላይ እያነበብኩ ደገምኩላት። "እሱ ነው" አለች። ከዚያ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ተዘጋ።

ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሳ። የዱቄቱ ጠርዝ ብን ብን ማለት ጀመረ። መጥበሻው ውስጥ ዓሣው እያረረ ነው፤ አልዞርኩም። ትሪው ላይ በሁለት ክንዴ ተደፍቼ፣ ነጠላዬን ግራና ቀኝ እንደ ድንኳን ዘረጋሁት። አንዱ ብዕር ሊያመጣ ወደ ሱቅ ሮጠ። እስኪመለስ ድረስ እዚያው ጎንበስ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ፤ የገዛ ትንፋሼ እንዳያጠፋብኝ።